በጎንደር በጋራ ቤት ለመሥራት፦ ተያያዥ ቤት፣ ጂ+3፣ ጂ+4 ወይስ ሊፍት ያለው ሕንፃ?

በቤት ማኅበር ስብሰባ ላይ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ስንት ፎቅ እንሥራ?» የሚል ነው። አንዱ ጂ+4 ይላል፤ ኮንዶሚኒየም ሲባል ዓይኑ ላይ የሚመጣው እሱ ነውና። ሌላው «ግቢ የሌለው ቤት ምኑ ቤት ነው» ይላል። ገንዘብ ያዡ ዝም ይላል። ክርክሩ በድምፅ ብልጫ ያልቅና ፕላኑ ማዘጋጃ ቤት ሲደርስ ያልታሰበው ሁሉ ይመጣል፦ የመሬቱ ተዳፋት፣ የሕንፃው ምድብ፣ የውኃ ታንከሩ ክብደት፣ የፍሳሹ መውረጃ።

ይህ ንጽጽር የተዘጋጀው በዋናነት ተደራጅተው ለሚገነቡ ሰዎች ነው። የተሠራ ቤት ለሚገዛም ያገለግላል፤ መመዘኛው አንድ ነውና። የፎቁ ቁጥር ከሁሉ በኋላ የሚወሰን ነገር ነው ባይ ነኝ። አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት በጋራ የምትይዙት ነገር ምን ያህል እንደሆነና ወጪውንም ድካሙንም ማን እንደሚሸከም ነው።

መጀመሪያ መመዘኛዎቹ

*ሕጉ።* ሁለት አዋጆችን ማወቅ ግድ ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 370/1995 ኮንዶሚኒየም የሚለው አምስትና ከዚያ በላይ በተናጠል የተያዙ ቤቶችና የጋራ መጠቀሚያዎች ያሉትን ሕንፃ ነው። ወደ ላይ የተሠራም ሆነ በተርታ የተሠራ በዚህ ይጠቃለላል፤ ሕንፃው ያረፈበት ይዞታም አብሮ ይቆጠራል። ብዙ ሰው ኮንዶሚኒየም ማለት ፎቅ ብቻ ስለሚመስለው በተርታ የሚሠሩ ቤቶችን ከዚህ ሕግ ውጭ ያደርጋቸዋል። ቁም ነገሩ ያለው ካርታው ላይ ነው። ለእያንዳንዱ አባል ተነጣጥሎ ይወጣል ወይስ ሁላችሁም በአንድ ይዞታ ላይ ትሆናላችሁ? መልሱን ከቃል ይልቅ በጽሑፍ ያዙት።

ሁለተኛው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ነው። ሕንፃዎችን ምድብ ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ ይከፍላል። ቁመቱ ከ12 ሜትር የበለጠ ማንኛውም ሕንፃ ምድብ ሐ ውስጥ ይገባል። ምድብ ሐ ማለት ከፍ ያለ ደረጃ ያለው አማካሪና ተቋራጭ፣ ጠበቅ ያለ የፕላን ምርመራና በመጨረሻም ከመግባታችሁ በፊት የሚወጣ የመጠቀሚያ ፈቃድ ነው። ሕጎች ስለሚሻሻሉ ፕላን ከማሠራታችሁ በፊት በሥራ ላይ ያለውን ደንብ ከሕንፃ ሹሙ ጽሕፈት ቤት አረጋግጡ።

ይህች 12 ሜትር ብዙ ገንዘብ ትወስናለች። አራት ደርብ ያለው ጂ+3 እያንዳንዱ ደርብ 2.80 ሜትር ቢሆን ቁመቱ 11.20 ሜትር ይሆናል፤ ግማሽ ሜትር የወለል ከፍታ ቢጨመርበት እንኳ ከመስመሩ በታች ነው። ደርቡ 3 ሜትር ከሆነ ግን 12 ሜትር ይሞላና በወለሉ ከፍታ ያልፋል። በአንድ ደርብ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው ልዩነቱ። ጎንደር ደግሞ ሜዳ ከተማ አይደለችም፤ በላይኛው በኩል 9 ሜትር የሆነ ሕንፃ በታችኛው በኩል 12 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልኬቱ ከየት እንደሚጀመር ንድፍ ሠሪው ሳይጀምር ጠይቁ።

*አፈርና ተዳፋት።* አዘዞና ጠዳ በኩል ሜዳው ላይ ጥቁር ወልካ አፈር ይገኛል፤ ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አሳሳች ሐሳብ አለ። «ቤታችን ቀላል ስለሆነ መሠረቱ ጥልቅ መሆን የለበትም» ይባላል። እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ ያበጠ አፈር ወደ ላይ ሲገፋ ከባድ ሕንፃ በክብደቱ ይጫነዋል፣ ቀላል ቤት ግን አብሮ ይነሣና ግድግዳው ይሰነጠቃል። ኮረብታው ላይ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፦ ጥቁር ድንጋይ መፈልፈል፣ የድጋፍ ግንብ መገንባት፣ የሐምሌና የነሐሴን ጎርፍ ማሳለፍ።

*ውኃ።* በጎንደር ውኃ በፈረቃ የሚመጣ ነገር መሆኑን ለጎንደር ሰው መንገር አያስፈልግም። የአንገረብ ግድብ ደለል እየሞላው ከተማዋ ደግሞ እየሰፋች ነው። ስለዚህ የሕንፃው ንድፍ ውኃ ሳይመጣ ስንት ቀን እንደሚያቆይ በቁጥር መታወቅ አለበት። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ100 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ላላቸው ከተሞች የተያዘው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 80 ሊትር ነበር። ቆጥበን 50 ሊትር እንበል። ሃያ አባወራ፣ በየቤቱ አምስት ሰው፣ በቀን 5,000 ሊትር ይሆናል። ለሦስት ቀን 15,000 ሊትር፤ ማለትም 15 ቶን። ይህን ያህል ክብደት በኋላ ተሰብስቦ ጣሪያ ላይ የሚጫን አይደለም። ዋናው ማጠራቀሚያ መሬት ላይ ወይም መሬት ውስጥ ይሁን፤ ጣሪያው ላይ ፓምፑ የሚሞላት ሁለት ሦስት ሺህ ሊትር ትበቃለች፣ እሷም ቢሆን በስትራክቸር ስሌቱ ውስጥ ትግባ። እያንዳንዱ ቤተሰብ በየፊናው ሮቶ እየገዛ ሶሌታው ላይ የሚደረድርበት ሕንፃ ማንም መሐንዲስ ያላሰላው ሕንፃ ነው።

*ደረጃ።* አንድ ደርብ 3 ሜትር ሲሆን፣ መርገጫው 17 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው በየደርቡ 18 መርገጫ ይሆናል። አራተኛ ፎቅ ለመድረስ 72። 20 ሊትር ጄሪካን ይዞ 72 መርገጫ መውጣትን አስቡት። የደረጃው ስፋት ላይ አትሰስቱ፤ አልጋ መዞር አለበት፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ አስከሬን በክብር መውረድ አለበት። ፕላን ሲገመገም ይህን የሚያነሣ ሰው ብዙ አይገኝም። እኔ ከ1.20 ሜትር በታች የሆነ ደረጃ አልቀበልም።

*መብራት።* የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይፈጃል። በበዓል ዋዜማ ሃያ ምጣድ አንድ ላይ ቢለኮስ 70 ኪሎ ዋት ነው። ትራንስፎርመሩ ይህን ይችል እንደሆነ ከመብራት ኃይል የሚጠየቀው በንድፍ ጊዜ ነው።

*የገንዘቡ አወጣጥ።* ጠቅላላ ወጪው ብቻ አይታይ፤ ገንዘቡ መቼ እንደሚያስፈልግና መቼ ቤት ውስጥ መግባት እንደሚቻልም ይታይ። ቁጠባችሁ በየወሩ የሚጠራቀም ከሆነ ይህ ከምንም በላይ ይመዝናል።

ተያያዥ ቤቶች (ጂ+1)

አምስት ሜትር ስፋትና ስምንት ሜትር ጥልቀት ያለው ቤት በአንድ ደርብ 40፣ በሁለቱ 80 ካሬ ሜትር ይሰጣል። ከኋላ ትንሽ ግቢ ይኖራል፦ በርበሬ የሚሰጣበት፣ ጠላ የሚጠመቅበት፣ በግ የሚታረድበት። ይህን የመሰለውን ኑሮ የሚያስቀጥል ሌላ አማራጭ የለም፤ ለእናቶችም ለሕፃናትም የሚመቸው ይኸው ነው።

ትልቁ ጥቅሙ ግን ሰው ብዙ የማያስተውለው ነው፤ በደረጃ መሥራት ይቻላል። ምድሩ ተጠናቆ ቤተሰቡ ይገባል፣ ላይኛው ደርብ ገንዘብ ሲገኝ ይቀጥላል። መሠረቱና ኮለኑ ከመጀመሪያው ለሁለት ደርብ ከተሰላ ሕንፃው አይጎዳም። የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ በሚያሻቅብበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንድ አባል ቢዘገይ ሌሎቹ አይታገቱም።

ጉዳቱ መሬት ነው። ለሃያ አባወራ 800 ካሬ ሜትር የሕንፃ መቀመጫ ይፈልጋል፤ ከቦታው 40 በመቶው ብቻ ይገነባ ብንል 2,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። መሐል ከተማ ይህን ያህል ቦታ ማግኘት ዘበት ነው፤ ስለዚህ ተያያዥ ቤት ማለት አብዛኛውን ጊዜ ዳር መውጣት፣ የወልካ አፈር፣ የመንገድና የውኃ መስመር መጠበቅ ማለት ነው። በተዳፋት ላይ ደግሞ የላይኛው ቤት ጎርፍ የታችኛው ጎረቤት ጠብ ነው። የዝናብ ውኃ መውረጃው የጋራ ቦይ ሆኖ በፕላኑ ላይ ካልተሳለ በኋላ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ማግኘት ነው የሚቀረው። የጋራ ግድግዳው እስከ ቆርቆሮው ድረስ ሙሉ ይሁን፤ ኮርኒስ ላይ የሚያበቃ ግድግዳ እሳትንም ድምፅንም አያግድም።

ጂ+3

ለሃያ አባወራ በየደርቡ አምስት ቤት፣ እያንዳንዱ 75 ካሬ ሜትር ቢሆን ከነደረጃውና ኮሪደሩ የሕንፃው መቀመጫ 420 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያው የ40 በመቶ ስሌት 1,050 ካሬ ሜትር ቦታ ይበቃዋል። ከተያያዥ ቤቱ ግማሽ ያህል መሆኑ ነው። ደርቡ በጥንቃቄ ከተለካ ከ12 ሜትር በታች ይቀራል። የመጨረሻው ቤት 54 መርገጫ ላይ ነው፤ ፓምፑም ትንሽ ይሁንለታል።

ለጎንደር ተዳፋት ከሁሉ የሚስማማው ይህ ይመስለኛል። ተዳፋቱ 20 በመቶ ከሆነና ሕንፃው 15 ሜትር ጥልቀት ካለው በላይኛውና በታችኛው ጠርዝ መካከል 3 ሜትር ልዩነት አለ፤ ልክ አንድ ደርብ። ስለዚህ መግቢያውን ከላይኛው በኩል በአንደኛው ፎቅ ላይ ማድረግ ይቻላል። ያኔ ወደ ላይ የሚወጣው ሰው 36 መርገጫ ብቻ ይወጣል፣ የምድሩ ነዋሪ 18 ይወርዳል። የምድሩ ቤቶች ጀርባ ከአፈር ጋር ስለሚገናኝ ግን እርጥበት ይገባል፤ ግድግዳው ጀርባ የጠጠር ማጣሪያና የውኃ ማስወገጃ ቧንቧ ያስፈልጋል። ይህን ወጪ ለመቀነስ የሚፈልግ ተቋራጭ ይኖራል፤ አትስሙት።

ችግሩ ከፊሉን ጨርሶ መግባት አለመቻሉ ነው። ጣሪያው እስኪዘጋ ሁሉም ሰው ተከራይ ሆኖ ይቆያል። አንድ አባል መክፈል ቢያቆም ሁሉም ይቆማል፤ የመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ለዚህ መፍትሔ አስቀድማችሁ ጻፉ።

ጂ+4

ይህ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት ነው። የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም በ1990ዎቹ ማብቂያ በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች ሲሰፋ መልኩ ይኸው ነበር፦ ብሎኬት ግድግዳ፣ ተገጣጣሚ ቢም፣ ከስቱዲዮ እስከ ባለ ሦስት መኝታ ቤት፣ ግቢው ውስጥ ደግሞ የጋራ መገልገያ ቤት። የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ያለ ሊፍት ሊወጣ የሚችለውን ያህል ወደ ላይ በመሄድ በትንሽ መሬት ብዙ ሰው ማስፈር። በየደርቡ አራት ቤት ቢኖር ሃያው አባወራ 335 ካሬ ሜትር ገደማ መቀመጫ ላይ ያርፋል፤ ቦታው 840 ካሬ ሜትር አካባቢ ይሆናል።

ግን ከጂ+3 ያተረፋችሁትን ቁጠሩት። በእኛ ምሳሌ 200 ካሬ ሜትር ያህል መሬት ነው። የከፈላችሁት ደግሞ ምድብ ሐ፣ ጠለቅ ያለ የአፈር ምርመራ፣ ጠንካራ ፓምፕና የመጨረሻዎቹ 18 መርገጫዎች። መሬቱ በጣም ውድ ካልሆነ ወይም በማኅበሩ ብዛት ምክንያት የግድ ካልሆነ በቀር ይህ ልውውጥ አያዋጣም። በእርግጥ በሊዝ ጨረታ ተወዳድራችሁ የያዛችሁት ቦታ ከሆነ ሒሳቡ ይገለበጣል፤ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ዋጋ ስላለው አምስተኛው ደርብ ራሱን ይከፍላል።

በጂ+4 ላይ የጋራ መገልገያ ቤቱን ማስቀረት ከባድ ስህተት ነው። ፕላኑ ሲጠብ መጀመሪያ የሚሠረዘው እሱ ነው፤ ነዋሪው ከገባ በኋላ ደግሞ መጀመሪያ የሚናፈቀው እሱ ነው። ለቅሶ ሲሆን ድንኳን የሚተከልበት፣ ለድግስ የሚታረድበት፣ የእድር ዕቃ የሚቀመጥበት ቦታ ያስፈልጋል። ያ ካልተሠራ በግ በመታጠቢያ ቤት ይታረዳል፣ ፍሳሹም ይደፈናል። ስለ ቡና ደግሞ አንድ ነገር፦ በጠባብ ስቱዲዮ መስኮት ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል ሰው ይገድላል። የወጥ ቤቱ መስኮት ወደ ውጭ እንጂ ወደ ኮሪደር መከፈት የለበትም።

ሊፍት ያለው

በአጭሩ፦ መሬቱ ጠባብ፣ ቦታው ዋና መንገድ ዳር ከሆነና ምድሩ ለሱቅ ወይም ለቢሮ ተከራይቶ የጋራ ወጪውን የሚችል ከሆነ ብቻ አስቡት። ሊፍት ከተገዛ በኋላም ወጪው አያልቅም፤ የጥገና ውል፣ መለዋወጫ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያንቀሳቅሰው ጄኔሬተር፣ የጄኔሬተሩ ነዳጅ አለ። የምድር ቤት ባለቤት «እኔ አልወጣበትም» ብሎ አልከፍልም ማለቱ አይቀርም፤ የእያንዳንዱ ድርሻ ሕንፃው ሲመዘገብ በሚቀርበው ማሳወቂያ ላይ ካልተጻፈ ክርክሩ ማለቂያ የለውም። በቁጠባ ለተሰባሰበ የመምህራን ወይም የጤና ባለሙያዎች ማኅበር አልመክረውም።

ቁመት የሚያስቡ ሁለት ነገር ይጠይቁ። ፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ በአካባቢው ለሚሠራ ግንባታ ከማዘጋጃ ቤቱ በተጨማሪ የቅርስ መሥሪያ ቤቱ ቃል አለው። አዘዞ በኩል ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያው ስላለ የከፍታ ገደብ መኖሩን ቦታ ከመያዛችሁ በፊት አጣሩ።

በአንድ እይታ (ሃያ አባወራ፣ ወደ 75–80 ካሬ ሜትር ቤት)

| መመዘኛ | ተያያዥ ጂ+1 | ጂ+3 | ጂ+4 | ሊፍት ያለው |
|---|---|---|---|---|
| የቦታ ፍላጎት | 2,000 ካሬ ሜትር ገደማ | 1,050 ገደማ | 840 ገደማ | ከሁሉ ያነሰ |
| የሕንፃ ምድብ | በአብዛኛው ለ | ለ፣ ቁመቱ ከ12 ሜትር ካልበለጠ | ሐ | ሐ |
| እስከ መጨረሻው ቤት | ከደጅ መግባት | 54 መርገጫ | 72 መርገጫ | ሊፍት፣ ሲበላሽ ደረጃ |
| ውኃ | በየቤቱ ሮቶ ይበቃል | የጋራ ማጠራቀሚያና ፓምፕ | ጠንካራ ፓምፕ | ፓምፕና ጄኔሬተር |
| ከፊሉን ጨርሶ መግባት | ይቻላል | አይቻልም | አይቻልም | አይቻልም |
| ወርኃዊ የጋራ ወጪ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ |
| ተዳፋት ላይ | በእርከን፣ ጎርፉ ከተያዘ | በጣም ይስማማል | ይቻላል | በጥንቃቄ |
| ወልካ አፈር ላይ | መሠረቱ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል | የአፈር ምርመራ | የአፈር ምርመራ | የአፈር ምርመራ |

ለማን የትኛው?

ቁጠባችሁ ትንሽ፣ ገቢያችሁም የማይመሳሰል ከሆነ፣ ቦታም ዳር ላይ ከተገኘ ተያያዥ ቤት ያዙ። አንዱ የሌላውን መዘግየት አይሸከምም።

የወር ደመወዝተኞች ሆናችሁ ቁጠባችሁ እኩል ከሆነና ቦታው ማራኪ ሠፈር ወይም ሌላ ተዳፋታማ ሠፈር ከሆነ ጂ+3 ነው ምክሬ። አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን በዕጣ ወደ ላይ አትላኩ፤ መግቢያው ባለበት ደርብ ያሉትን ቤቶች ከዕጣ በፊት ለእነሱ ለዩ።

ቦታውን በውድ ሊዝ የያዛችሁ ወይም አባላችሁ የበዛ ከሆነ ጂ+4 ሥሩ፤ የጋራ መገልገያ ቤቱንና ማጠራቀሚያውን ግን ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ አስገቡ።

የተሠራ ኮንዶሚኒየም ለምትገዙ፦ ካርታውንና የባንክ ዕዳ እገዳ መኖር አለመኖሩን ካጣራችሁ በኋላ ቤቱን ነሐሴ ላይ እዩት። የመጨረሻውን ፎቅ ኮርኒስ፣ የምድሩን ግድግዳ ግርጌ፣ የሴፕቲክ ታንኩን ዙሪያ ተመልከቱ። ምሽት ላይ ቧንቧውን ክፈቱ። ከዚያ የነዋሪዎች ኮሚቴውን ወርኃዊ መዋጮ ስንት ሰው በሰዓቱ እንደሚከፍል ጠይቁ፤ ግማሹ የማይከፍልበት ሕንፃ ቢረክስም አይርከስላችሁ፣ ፓምፑ የሚቃጠልበት ቀን ሩቅ አይሆንም።

የመጨረሻ ፎቅ የሚደርሰው ሰው ደግሞ አንድ ነገር በቃለ ጉባኤ ያስጽፍ፦ ጣሪያው የጋራ ነው፣ ሲያፈስም የሚጠገነው በሁሉም መዋጮ ነው። ከምድር ያለው ጎረቤት ይህን ቀድሞ ካልፈረመ ሐምሌ ላይ ለማስፈረም ይከብዳል።